አልጋዬን ያስያዝኩበት ድንች

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ ያጎነቆለ ድንች አንሥታችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ መወርወር ትችላላችሁ? የምትችሉ ከሆነ እንዲህ ያለ ጣጣ አይደርስባችሁምና ዘና ብላችሁ አንብቡ። የማትችሉ ከሆነ ግን የእኔ ቢጤ ናችሁ፤ ተጠንቀቁ።

ነገሩ የጀመረው ዱባይ፣ የምሠራበት ማዳም ቤት ነው። ግንቦት ሲገባ የሽንኩርቱን ቅርጫት ሳጸዳ ከሥሩ አምስት ድንች አገኘሁ። ተረስተው ከርመው ዓይናቸው ሁሉ ነጭ ቀንድ አብቅሏል። ማዳም ከበሩ ብቅ ብላ አየችና «ኸላስ፣ ጣያቸው» አለችኝ። እሺ ብዬ ወደ መጣያው ሄድኩ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ከጨለማ ውስጥ፣ ማንም ሳያጠጣው፣ ልብቀል ብሎ የተነሣን ነገር እንዴት አድርገው ይጥሉታል? በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸውና ማታ አቅፌያቸው ወደ ሻርጃ ተሳፈርኩ።

የምኖረው አል ተዓውን፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቤድ ስፔስ ነው። ቤድ ስፔስ ማለት ቤት ሳይሆን አልጋ መከራየት ነው። የእኔ የምትሉት አገር ርዝመቱም ወርዱም የፍራሽ ያህል ነው ማለት ነው። ክፍላችን ውስጥ ሁለት ተደራራቢ አልጋዎች አሉ። በአንደኛው ታች ቤቱን የተከራዩትና የሚያስተዳድሩን እትዬ የሺ ይተኛሉ። በላያቸው ሰው አያስተኙም፤ የሁላችንም ሻንጣ ነው የሚተኛው። በሌላው አልጋ ታች እኔ፣ ላይ ሰሚራ።

የታች አልጋ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የታች አልጋ ያላት ሴት ቁጭ ብላ ጫማዋን ታወልቃለች፤ አንሶላ አንጠልጥላ ትጋረዳለች፤ እንግዳ ሲመጣ «ተቀመጪ» ትላለች። የላይኛዋ በብረት መሰላል ትወጣለች፣ በብረት መሰላል ትወርዳለች፣ ድንገት ቀና ካለች ደግሞ ኮርኒስ ይጠብቃታል። እኔ የታቹን ያገኘሁት በሌላ በምንም ሳይሆን ከሰሚራ ሁለት ሳምንት ቀድሜ በመምጣቴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን በጦር ሜዳ ያገኘሁት ሹመት ይመስል ስኮራበት ኖርኩ።

ሰሚራ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። አል ቁሰይስ አንድ መጋዘን ውስጥ ከቀትር በኋላ ገብታ ቆማ ዕቃ ስታሽግ ታመሻለች። እኔ ማለዳ ስወጣ እሷ ተኝታ ነው፤ እሷ ስትመለስ እኔ ተኝቻለሁ። እየተያየን የምናወራው የዕረፍት ቀናችን ሲገጥም ነው። ምላሷ ስለታም ነው፤ ከሰው ደግሞ በነፃ ምንም አትቀበልም። አንድ ቀን እንቁላል አልቆባት አንድ እንቁላል ሰጠኋት። በማግሥቱ ስነቃ ትራሴ አጠገብ አንድ እንቁላል ተቀምጧል። በእንቅልፍ ልቤ ተገላብጬ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ እንደነበር አስቡት።

እነዚያን ድንቾች ጠረጴዛ ላይ የዘረገፍኩት የሰሚራ ዕረፍት ቀን ስለነበር ከላይኛው አልጋ አንገቷን አስግጋ አየቻቸው።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው? የማዳም ቆሻሻ ሞልቶ ወደኛ ተረፈ?»

«እተክላቸዋለሁ።»

«የት? ሽንት ቤት?»

«በረንዳ ላይ!» አልኩ። ከዚያ በኋላ አፌን ማን ይያዘው? «እኔ የእንጅባራ ልጅ ነኝ! እኛ አገር ፍልሰታ ሲገባ ድንች በየድስቱ ተቀቅሎ በአዋዜ እየተጠቀሰ ነው የሚጾመው። ለዘንድሮ ፍልሰታ ከገዛ እጄ ድንች ካላበላኋችሁ እኔ የእናቴ ልጅ አይደለሁም!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። የእንጅባራ ልጅ መሆኔ እውነት ነው። አባቴ ግን ልብስ ሰፊ ነበር። ቤታችን ከመኪና መንገዱ ዳር፣ ጓሮውም የስፌት መኪና ማስቀመጫ ነበረ። ድንችን የማውቀው ከድስት ወዲህ ነው፤ ከድስት ወዲያ ምን እንደሚመስል አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«ወሬ ነው» አለች ሰሚራ። «ዋላሂ፣ አንቺ ሻይ ቀድተሽ እስኪበርድ ድረስ ልብስ አጥበሽ የምትመለሺ ሴትዮ ድንች ታበቅያለሽ?»

ይህኛው እውነት ነው፤ ትኩስ ነገር አፌ አይችልም። ከድንች ጋር ምን እንዳገናኘው ግን አልገባኝምና ተናደድኩ።

«ካላበላሁሽ አልጋዬን ውሰጂ!»

እትዬ የሺ የሚያጣጥፉትን ልብስ አስቀመጡ።

«የታቹን?» አለች ሰሚራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የታቹን። ፍልሰታ ሳይፈታ አንድ ድስት ድንች ካላበላኋችሁ እኔ እወጣለሁ፣ አንቺ ትወርጃለሽ።»

«ካበላሽኝ ደግሞ እኔ ዓመት ሙሉ አልጋሽን አነጥፍልሻለሁ።»

«ዳኛዋ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ የሺ ወዲያው። ማንም አልጠየቃቸውም። «አንድ ድስት። ሰምቻለሁ።»

በማግሥቱ እናቴ ጋ ደወልኩ። «ድንች ምን ይጠይቃል ብለሽ ነው?» አለችኝ። «ቅበሪውና እርሽው።» የት እንደምቀብረው አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። እሷ በሐሳቧ የምታየው ብርዱንና ጥቁሩን አፈር፣ ክረምቱ የሚመጣበትን ያንን ተራራ ነው። እኔም ያንኑ የአገሬን ክረምት ይዤ፣ ሻርጃ ላይ ፀሐይ ልትፈጀን በምትነሣበት በግንቦት ወር ድንች ለመትከል ተነሣሁ።

የሚመክረኝ ሰው አልነበረም እንዳልል ነበረ። የሕንፃችን ጠባቂ፣ እዚህ እንደሚባለው ናጡሩ፣ ራሺድ የሚባል ፓኪስታናዊ ነው። የአፈር ከረጢት ተሸክሜ ሊፍት ስጠብቅ አየኝና ምንድነው አለኝ። ነገርኩት። ግንባሩን ያዘ። «ሲስተር፣ ላ፣ ላ! አሁን ሐር፣ ሙቀት! ድንች ኖቬምበር!» አለና በጣቱ ወራቱን ቆጠረልኝ። አባቱ ድንች አብቃይ እንደሆኑም ሊያስረዳኝ ሞከረ። በውስጤ ሳቅኩበት። የበር ጠባቂ ስለ ድንች ምን ያውቃል አልኩ፤ ይህንን የምለው እንግዲህ እኔ ነኝ፣ የሰው ወለል ስጠርግ የምውለው ሊቅ።

መጀመሪያ ሁለቱን በሩዝ ጆንያ ተከልኳቸው። በሁለት ሳምንት ቅጠል ብቅ አለ። እትዬ የሺን ከጆንያው አጠገብ አቁሜ ፎቶ አነሣሁና ለእናቴ ላክሁላት። ሰኔ ሲገባ ግን አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቅጠሉ ጆንያው አፍ ላይ ተዘርሮ ጠበቀኝ። አፈሩ ውስጥ እጄን ብሰድ ፈጀኝ። ቆፍሬ ሳወጣቸው ልጣቸው በጣት ይላጣል። ሰሚራ ዕረፍት ላይ ነበረችና ወደ ወጥ ቤት ሄዳ አዋዜ ይዛ መጣች።

«ይኸው ተቀቅሏልኮ! ድስት ጠፍቶ ነው እንጂ አሸንፈሽ ነበር።»

ሦስተኛውን በባልዲ ሞከርኩት። ሥሩ እንዳይቃጠል በቀን ሦስቴ ይጠጣ፣ ውሃው እንዳይተኛበት ደግሞ ይፍሰስ ብዬ የባልዲውን ቂጥ በሚስማር በሳሳሁት። የት እንደሚፈስ ግን አላሰብኩበትም። በሦስተኛው ቀን ራሺድ በራችንን ደበደበ። በእጁ የዓረቦቹን ነጭ ረጅም ቀሚስ፣ ከንዱራ፣ ይዟል፤ ከትከሻው እስከ ጫፉ ድረስ ጭቃ ወርዶበታል። «ሲስተር፣ ሙሽኪላ» አለኝ በሐዘን፤ ችግር መጣ ማለቱ ነው። አምስተኛ ፎቅ ያለ ጎረቤት ነው አስጥቶት የነበረው። ተቀብዬ በእጄ አሸሁት፣ ዘፈዘፍኩት፣ ተኩሼ መለስኩለት። ሙያዬ ነዋ! ከመቆሸሹ በፊት ከነበረው በላይ ነጣ። በሳምንቱ ራሺድ ሌላ ከንዱራ ይዞ መጣ። ሰሚራ ነጠብጣቡን አሸተተችና «ይኼማ ሻይ ነው» አለች። ጥፋተኛ ነኝና እሱንም አጠብኩት። ባልዲውን ማጠጣት ግን አቆምኩ፤ ድንቹም ያው ደረቀ።

አራተኛው ያለ አፈር ነው። ስልክ ላይ አንድ ሰው ድንች በስቴኪኒ ወግቶ በውሃ ብርጭቆ አፍ ላይ ሲያስቀምጥ አይቼ ነው። ሥር አወጣ፣ ደስ አለኝ። ብርጭቆው ግን የእትዬ የሺ ነበርና አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ብርጭቆው ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተገልብጧል። ድንቹን የት አደረጉት ብላቸው «ቅማል ያወጣ መስሎኝ ጣልኩት» አሉኝ። ሥሩን ነው እንዲህ ያሉት።

ስለዚህ ሰኔ ሊወጣ ሲል በእጄ የቀረው አንድ ድንች ብቻ ነበር። አንድ ድንችና አንድ አልጋ። ሰሚራ ከላይ ሆና የእኔን መጋረጃ ቀለም አልወደድኩትም፣ ስወርድ እቀይረዋለሁ ማለት ጀምራለች።

የዚያን ጊዜ ነው ብልኃቱ የመጣልኝ። ድንቹ ብርድ ይፈልጋል፤ ብርድ ያለው ደግሞ ክፍላችን ውስጥ፣ ኤሲው ሥር ነው! የልብስ ቅርጫቴን ባዶ አድርጌ አፈር ሞላሁበት። የከንዱራው ነገር አስተምሮኛልና ጠብታ ውሃ እንዳይወጣው ከሥሩ ላስቲክ በላስቲክ አደረግኩት። ድንቹን ቀብሬ በመስኮቱ አጠገብ፣ አልጋዬ ግርጌ አስቀመጥኩት። ኤሲውን የሚያዙት እትዬ የሺ ናቸው። ሃያ አራት ላይ ነው ሕጋቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ወደ ሃያ አንድ አስወረድኳቸው። ውጭ ሰው በቁሙ በሚቀቀልበት በሐምሌ፣ ሻርጃ ከተማ ውስጥ፣ እትዬ የሺ ካልሲ አድርገው ጋቢ ለብሰው «ለድንች ብዬ ጉንፋን ያዘኝ» እያሉ በየስልኩ ሲያወሩ ከረሙ።

በቀለ! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በቀለ። ቅጠሉ ሰፋ፣ ቁመቱ ጉልበቴ ደረሰ። ማታ ማታ አንድ ኩባያ ውሃ አጠጣውና አጠገቡ ቁጭ ብዬ የማዳምን ነገር ሁሉ አጫውተዋለሁ። ከቤተሰብ ርቆ የሚኖር ሰው የሚያሳድገው ነገር ሲያገኝ እንዴት እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ልጅ የማሳድግ እንጂ አልጋዬን የማስጠብቅ አልመስለኝ አለ።

ፍልሰታ ገብቶ ጥቂት ቀን እንደሄደ ግን ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ። ጠምቶት ይሆናል ብዬ ሁለት ኩባያ አደረግኩለት። ባሰበት። አንድ ማታ ሳላጠጣው በፊት አፈሩን ብነካው ጭቃ ሆኗል። በማግሥቱም እንደዚያው። እኔ ማለዳ ወጥቼ ማታ ነው የምገባው፤ ቀን ማን አጠጣው?

ወዲያው ገባኝ። ሰሚራ! ቀን ቤት ከሚውሉት አልጋዬን የምትፈልገው እሷ ናት። በውሃ ልታሰጥመው ነው! ለአልጋ ብላ!

እሑድ ዕረፍቴ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ከዚያ ገበያ እሄዳለሁ ብዬ ለእትዬ የሺ አወራሁ። ረፋድ ላይ ቀስ ብዬ ተመልሼ ሰሚራ ሳትነቃ በክፍሉ አልፌ በረንዳ ላይ ከተሰጡት አንሶላዎች ኋላ ተደበቅሁ። ድምፅ እንድሰማ የመስታወቱን በር ጣት የሚያስገባ ያህል ከፈት አድርጌ ተውኩት። ሙቀቱን አልነግራችሁም። ስሊፐሬ ከወለሉ ጋር ሊጣበቅ ምንም አልቀረው።

ሰሚራ ነቃች። ልትወርድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት ሥሯ ስተኛ ስትወርድ አይቻት አላውቅም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ቀኝ እግሯን መሰላሉ ላይ አኖረች፣ ግራ እግሯን ግን በሁለት እጇ አንሥታ ነው ያወረደችው። «ያ ረቢ» አለች። ደግሞ አንድ መወጣጫ። «ያ ረቢ።» ግራ ጉልበቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ፋሻው ሥር እብጠቱ ይታያል። አራት መወጣጫ ናት መሰላሏ፤ ወርዳ እስክትጨርስ እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

መሬት ስትደርስ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ኩባያ ውሃ ይዛ እያነከሰች ወደ ቅርጫቱ መጣች።

«ጠጣ» አለችው ድንቹን። «ያቺ እብድ ማታ እስክትመጣ ድረስ እንዴት ትችለዋለህ? አንተ ካፈራህ እኔ እዚያው ላይ ነኝ። ይሁን፣ ጠጣ።»

እኔ አንሶላው ኋላ ምን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። አፈርኩ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። ወጥቼ ላቅፋት አስቤ ነበር። ምን ብዬ? ልሰልልሽ ተደብቄ ነበር ብዬ? ይህን ሳሰላስል ሰሚራ ድንገት ወደ በረንዳው ዞረች።

«ቢስሚላህ ሳይሉ በሩን ክፍት ትተው ይሄዳሉ! ድንቹን በሙቀት ሊገድሉት ነው እንዴ?»

ግጥም አድርጋ ቆለፈችውና ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

በሩን ገፋሁት፣ ሳብኩት፣ ቀስ ብዬ ቆረቆርኩት፣ ኋላ በቡጢ መታሁት። ኤሲው ይጮኻል፣ ወጥ ቤት መጥበሻ ይንጣጣል፣ የሚሰማኝ የለም። ስልኬ አልጋዬ ላይ ነው። የመጨረሻው አማራጭ የበረንዳውን ብረት ይዤ ወደ ታች መጮኽ ሆነ።

«ራሺድ! ራሺድ ወንድሜ!»

ራሺድ ከመኪናዎቹ መካከል ቀና አለ። እጁን በግንባሩ ላይ ጋረደና በደንብ አየኝ። በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ቀላቅሎ ያለው ወደኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «ሲስተር! ድንቹ አልሆን ሲልሽ አሁን ራስሽን ተከልሽ?»

እየሮጠ ወጥቶ ደወል ደወለ። ወጥ ቤት የነበሩት እትዬ የሺ ከፈቱለት፤ ሰሚራም ተከትላቸው ወጣች። እትዬ የሺ በእጃቸው ብርጭቆ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘው በረንዳውን ሲከፍቱልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልል እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው አለፉኝና ውሃውን ድንቹ ላይ ደፉት።

«እትዬ የሺ!»

«ምነው? ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው የማጠጣው» አሉ። «አንቺ ትረሺዋለሽ ብዬ።»

ሰሚራ አፏን ከፍታ አየቻቸው። በሩ ላይ የቆመው ራሺድ ደግሞ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ሲስተር፣ እኔም። የኤሲውን ማጣሪያ ሳጸዳ።»

«አንተ የገበሬ ልጅ ነኝ አላልክም እንዴ?»

«የገበሬ ልጅ ነኝ» አለ። «ግን አሳዘነኝ።»

ከሥሩ በላስቲክ የታሸገ ቅርጫት፣ አራት ሰው እየተደባበቀ በቀን እስከ አምስት ኩባያ ያጠጣዋል። ያ ድንች የሞተው ሰው ጠልቶት አይደለም።

ራሺድ ወደ በሩ ሲመለስ እኔ ሰሚራን ወደ ጥግ ወሰድኳት። «ጉልበትሽ…» አልኳት።

«ምን ጉልበት? ደህና ነኝ።»

«አልጋውን ውሰጂው። ውርርዱ ይቅር።»

ዓይኗ ተለወጠ። «ምጽዋት ጠየቅኩሽ? ካሸነፍኩ እወስዳለሁ። ካላሸነፍኩ አልነካውም።»

ያቺ ትራሴ አጠገብ የተቀመጠች እንቁላል ትዝ አለችኝና ወደ ቅርጫቱ ሄድኩ።

ቅርጫቱን ገለበጥነው። ሽታው አፍንጫ ይቆርጣል። እትዬ የሺ ግን እጃቸውን ጭቃው ውስጥ ከተው ሲፈልጉ አንድ አወጡ፣ ሁለት አወጡ፣ በጠቅላላው ሰባት። ትልቁ የድርጭት እንቁላል አያክልም፤ ትንሹ ሽምብራ ነው። ግን ድንች ናቸው! እልል ልል አፌን ከፍቼ የሰሚራን ፋሻ አየሁና ዘጋሁት። ጥሩ፣ ተሸንፌአለሁ፣ ሰባት ፍሬ ድስት አይሞላም ብዬ ተጽናናሁ።

እትዬ የሺን አላወቅኋቸውም። እንዳሻቸው የሚዳኙ ዳኛ ናቸው። መደርደሪያውን በርብረው ቅቤ የሚያነጥሩባትን የቡጢ ያህል ድስት አወጡ። «ድስት ተባለ እንጂ የድስት ቁመት አልተባለም!» አሉኝና ጠቀሱኝ። ሰባቱም ገቡ። ድስቷ ሞላች።

ሦስታችንም ምድጃው ፊት ቆመን ጠበቅን። ሲበስል እትዬ የሺ ውሃውን አጠለሉና ድስቷን መሐላችን አስቀመጡ። እንፋሎቱ ይትጎለጎላል።

«እንግዲህ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ክዳኑ እንኳ አልገጥም ብሏል፤ ሞልቷል። ስለዚህ የፍርዱ ውሳኔ…»

ሰሚራ ፈገግ አለች። «ማብሩክ» አለችኝ፤ ከልቧ ነው። እጇ ግን ሳታውቀው ጉልበቷን ያዘ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤበት አላደረግኩትም። እጄን ድስቷ ውስጥ ከትቼ ትልቁን ድንች አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ሁለተኛውን ደገምኩ። ሦስተኛ። አራተኛ። አፌ ውስጥ እሳት ተነሣ፤ ዓይኔ በእንባ ሞላ፤ ምላሴ የእኔ መሆኑ ቀረ።

«አንቺ ልጅ አበድሽ? ፍርዴን ሳልጨርስ!» ጮኹ እትዬ የሺ።

«ራበኝ!» አልኩ እንደምንም። «ይኸው… ድስቱ ጎዶሎ ነው! እዩት!»

እትዬ የሺ አዩኝ። ሰሚራን አዩዋት፤ ፋሻውንም አዩት። ክዳኑን አንሥተው ቀስ ብለው ገጠሙት፤ ልክ ገባ።

«ጎዶሎ ነው» አሉ። «ሰሚራ አሸንፋለች። የቀረው አንድ ለኔ፣ አንድ ለሷ፣ አንድ ለራሺድ።»

ሰሚራ ሳቀችብኝ። «ሆዳም! ለአራት ፍሬ ድንች አልጋዋን ሸጠች!» እያለች ፍራሼን ገፍታ የራሷን ዘረጋች፤ መጋረጃዬንም ነቀለችው። እኔ አንሶላዬን በብብቴ ይዤ መሰላሉን ወጣሁ። አራት መወጣጫ ናት፤ አንዱም አላመመኝም። ኮርኒሱን ግን በግንባሬ ተዋወቅሁት።

ጋደም ብዬ የተቃጠለ ምላሴን በአየር እያራገብኩ ሳለ ከታች ሳቁ ቆመ።

«ሻይ እንኳ ሳይበርድ የማትጠጪ ሴትዮ» አለች ሰሚራ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

ቆየት ብሎ ከአልጋው ጠርዝ በታች አንድ እጅ ብቅ አለ። ኩባያ ይዟል፤ ያቺ ድንቹን የምታጠጣበት ኩባያ ናት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልታበታለች።

«ጠጪ» አለችኝ። «ደግሞ ጠጣሁ ብለሽ ለእትዬ የሺ ንገሪያቸው፤ አለዚያ እሳቸውም ያጠጡሻል።»